ፀጉር ቤትህ ሥራ ያቆመበት ቀን

ውድ ተክልዬ፣

ከተለየኸኝ ሦስተኛው ሐምሌ ገባ። ደብዳቤ መጻፍ እንደማይሆንልኝ ታውቃለህ። እህትህ ከደብረ ብርሃን ስትጽፍልን እንኳ መልሱን አንተ ትጽፍና ከታች "የሺም በጣም ሰላም ትላለች" ብለህ ትጨምርልኝ ነበር፤ የኔ ድርሻ ያቺ መስመር ብቻ ነበረች። ዛሬ ግን የምነግርህ ነገር ሆዴ ውስጥ ተጠራቀመ። ለጎረቤት ላጫውት ብል ግማሹን አብረውኝ አይተውታል፣ ግማሹን ደግሞ እንዲያውቁብኝ አልፈልግም። ስለዚህ ላንተው ልጻፍ አልኩ።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ። እኔ ደህና ነኝ፤ ደመና ሲያንዣብብ ጉልበቴ ያጉረመርማል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። ልጃችን አልማዝ የነርስነት ትምህርቷን ጨርሳ ደገሀቡር ጤና ጣቢያ ተመድባለች። ወር ሲያልቅ በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍራ ትመጣለች፤ ስትወርድ ከአቧራው መሀል ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው። መጥታም "እማዬ፣ ብቻሽን እዚህ ምን ትሠሪያለሽ፣ ሐረር አክስቴ ጋ ግቢ" እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ግትርነቷ ያንተ ነው፤ እኔን አትመልከተኝ። ከተማው ደግሞ በሰው ተጨናንቋል። ከድንበሩ ማዶ ሐርጌሳ ላይ ጦርነት ስለተነሣ ሰዉ ልጁን አዝሎ፣ ፍራሹን ተሸክሞ በቶጎጫሌ በኩል ጎረፈ። ብዙው አውበሬ በኩል ሰፍሯል ይባላል፤ ጅጅጋ የደረሰውም በየዘመዱ ግቢ ተጠግቷል። እነሱን ባየሁ ቁጥር የኛ ሽሽት ትዝ ይለኛል።

ታስታውሳለህ? ያን ጊዜ የሶማሊያ ጦር ሲገባብን ሰው ሁሉ ነፍሴን ብሎ ሲወጣ አንተ ፀጉር መቁረጫ ቶንዶስህንና መቀስህን በፎጣ ጠቅልለህ ከሸሚዝህ ሥር ከተትክ። ካራማራን አልፈን ሐረር እስክንገባ ደረትህን በእጅህ ይዘህ ነበር የሄድከው። ያየህ ሁሉ የቆሰልክ እየመሰለው "እግዜር ይማርህ" ይልሃል፤ አንተም ማስረዳቱ ደክሞህ "አሜን" ትላለህ። ሐረር ከርመን ስንመለስ ፀጉር ቤትህ ባዶውን ጠበቀን። መስታወቱ እንዳለ ግድግዳው ላይ አለ፣ ወንበሩ ግን የለም። ፈልገህ ፈልገህ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ አንድ ግራር ሥር አገኘኸው፤ ወታደሮች ተራ ይዘው አንዱ የአንዱን ራስ በምላጭ ያደሙ ነበር። አልተቆጣህም። "ወንበሬን ከመለሳችሁልኝ ሁላችሁንም በነፃ እከረክማችኋለሁ" አልካቸው። እስኪመሽ ስትከረክም ዋልክና ወንበሩን ራሳቸው ተሸክመው አመጡልህ። ከዚያ ወዲያ እዚህ እስከነበሩ ድረስ ደንበኞችህ ሆኑ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ሲገባ ሸሚዝህን ተኩሰህ ግብር መሥሪያ ቤት ለመሄድ ተነሣህ። እኔ "ጦርነት ላይ ለከረመ ቤት ደግሞ ማን ግብር ይጠይቃል" ብዬ ሳቅሁብህ። አንተ ግን ዘወር ብለህ "የሺዬ፣ ሱቅ ሠራም አልሠራም በሐምሌ ቀርቦ መናገር አለበት። ዝም ያለ ሱቅ ሠርቷል ነው የሚባለው" አልከኝ። ሄደህም "እስከዚህ ወር ድረስ ሸሽቼ ነበር፣ አልሠራሁም" ብለህ አስመዘገብክ። ሳይናገሩ የቀሩት ጎረቤቶቻችን እንደ ሠሩ ተገምቶባቸው አቤት ሲሉ ከረሙ። ያን ጊዜ ነው ለካ ይህ ሰው ከመቀስ ሌላም ያውቃል ያልኩት።

ፀጉር ቤትህን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ከቶጎጫሌ የሚያመጡልህ የዚያ ሽቶ ጠረን ነው። ሐሙስ ከሰዓት ለጁምዓ የሚዘጋጁት ሶማሌዎች፣ ቅዳሜ ለእሑድ የሚዘጋጁት ክርስቲያኖች፣ ደመወዝ ሲወጣ ደግሞ ወታደሩና መምህሩ። ከጎናችን ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ አብዲ ሶማልኛህ ከአንገት በላይ ነው እያሉ ይቀልዱብህ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ስለ ፀጉርና ስለ ጢም ሲሆን እንደ ውሃ ይፈስልሃል፣ ስለ ሌላ ነገር ሲሆን ዲዳ ነህ። ጋሽ መኮንንም አሉ፣ የሂሳብ መምህሩ። ለሁለት ዓመት ብለው ከወሎ ተመድበው መጥተው እዚሁ ሸበቱ፤ የመጀመሪያዋን ሽበት ያየህባቸው አንተ ነህ። ለሚስታቸው እንዳትነግር ብለው አስምለውህ ነበር፤ አንተም ለኔ ብቻ ነገርከኝ።

አንተ ስታርፍ ሙያህን የሚረከብ አልነበረም። በሩን መዝጋት ግን አልቻልኩም። ጠዋት እከፍታለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ መስታወቱን እወለውላለሁ። የጅጅጋን አቧራ ታውቀው የለ፣ ሁለት ቀን ካልተጠረገ ቤቱን ይወርሰዋል። በሩ ሲከፈት ሐጂ አብዲ እንደ ድሮው ሻሂያቸውን ይዘው አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ። ጡረታ የወጡት ጋሽ መኮንን ደግሞ አግዳሚው ወገባቸውን ስለሚያማቸው ያንተን ወንበር ይመርጣሉ። ከሰዓት ጫታቸውን ይዘው ይመጡና ቅጠሉ ኮታቸው ላይ እንዳይረግፍ ነጭ ጨርቅህን አንገታቸው ላይ ያስራሉ። የሚስታቸውን ቁጣ ስለሚፈሩ ነው። ሌላውም አላፊ አግዳሚ አረፍ ይላል፣ ሬዲዮ ይሰማል፣ ይሄዳል። የሚቆረጥ አንድም ፀጉር የለም። እኔ ግን ጋሽ መኮንንን ከኋላቸው ሳያቸው፣ ያ ነጭ ጨርቅ እንደታሰረ፣ አንተ ምላጭ ለመሳል ዘወር ያልክ ይመስለኛል። ለዚህ ስል ነበር በሩን የምከፍተው።

በየዓመቱ ሐምሌ ሊጠባ ሲል የቀበሌው ተላላኪ አሊ መጥሪያ ይዞ ይመጣል። በር ላይ ቆሞ መንገዱ ሁሉ እስኪሰማው "አቶ ተክሌ፣ ለዓመቱ ግብር በሐምሌ ወር ይቅረቡ" ይላል። ቀብርህ ላይ አፈር ካለበሱህ አንዱ ነው፤ መሞትህን ያውቃል። ነገር ግን የተጻፈውን መጥራት ሥራው ነው። ምን እንደሚሰማኝ ልንገርህ? ደስ ይለኝ ነበር። ሌላ ቦታ ሁሉ ስምህ ሲነሣ "ነፍሱን ይማር" ይከተለዋል። ግብር ላይ ብቻ ነው እንደማንም ሰው ቅረብ የምትባለው።

እኔም እንዳስተማርከኝ በሐምሌ እቀርባለሁ። "የተክሌ ፀጉር ቤት ዘንድሮም አልሠራም" እላለሁ። ከዚያ አልፌ ለምን እንዳልሠራ አልናገርም። ያን ጊዜ የነበሩት ሽማግሌ ሠራተኛ ነገሩ ገብቷቸው አንገታቸውን ደፍተው ይመዘግቡልኝ ነበር። ንግድ ፈቃዱን ብመልስ እንደሚሻል ግን ሁለቱንም ዓመት መክረውኛል። እኔ ለከርሞ እላለሁ። ፈቃዱ ከተመለሰ ስምህ ከመዝገቡ ይሰረዛል፤ አሊም ሁለተኛ አይጠራህም። ክፍሏም የቀበሌ ናት፣ በፈቃዱ ነው የተከራየናት፤ እሷም ትሄዳለች። ስለዚህ ለከርሞ፣ ለከርሞ እያልኩ ቆየሁ።

ዘንድሮ ግን ጉድ መጣ። በሰኔ ገማቾቹ በኛ መንገድ አለፉ። መዝገብ የማይዝ ትንሽ ነጋዴ የቀን ገበያው በዓይን ተገምቶ ግብሩ እንደሚቆረጥ አንተ ከኔ ይልቅ ታውቃለህ። መጡና አዩ፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ መስታወቱ ያበራል፣ አግዳሚው ላይ ሰው ሞልቷል። ጋሽ መኮንን ነጭ ጨርቅ አንገታቸው ላይ አስረው ወንበሩ ላይ ተደላድለዋል። የቱ ገማች ነው ይህ የጫት መከላከያ ነው ብሎ የሚገምተው? መበለቲቱ ፀጉር ቆራጭ ቀጥራለች ብለው ደምድመው ሄዱ። ጋሽ መኮንንማ ከአንገታቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሷቸው። ግምቱ ሲወጣ አንተ በሕይወት ሳለህ ከገመቱብህ በላይ ሆነ። መጀመሪያ ስሰማ ሳቅሁ። ተክልዬ፣ ገበያህ የደራው ከሞትክ በኋላ ነው። ሳቄን ሳልጨርስ ግን አለቀስኩ፤ ከየት አምጥቼ እንደምከፍል አላወቅሁም።

ለአቤቱታ ስሄድ ሽማግሌው ተዛውረው በቦታቸው አንድ ወጣት ተተክቷል። ከኛ አልማዝ አይበልጥም። ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ፣ "እናቴ" እያለ አናገረኝ፣ ግን እንደ ሽማግሌው አንገቱን አልደፋልኝም። "እናቴ፣ እርስዎ በየሐምሌው አልሠራም ይላሉ፣ ገማቾቹ ክፍት ነው ይላሉ። ማንን ልመን? ፈቃዱ በእጅዎ እስካለ ድረስ ሱቁ አለ ነው የሚባለው። ወይ ይሥሩበት፣ ወይ ፈቃዱን መልሰው ከዚህ ቀን ጀምሮ ቆሟል ብለው ያስታውቁ። ቀኑን የሚያውቁ ሁለት ምስክሮች ካመጡ ከዚያ ወዲህ ያለውን እንሰርዝልዎታለን" አለኝ። ነገሩ ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው ያናደደኝ።

ቤት መጥቼ፣ ወሩ አልቆ ለመጣችው ለአልማዝ ስነግራት ቦርሳዋን ከፈተች። ፀጉር ቤቱ እንዳይዘጋብኝ የዘንድሮውን እሷ ከደመወዟ ልትከፍል ነው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ለከርሞ ለማለት ልቤ ዝግጁ ነበር። ልጄ በዚያ በረሃ በሽተኛ ስታገላብጥ ከርማ ያመጣችውን፣ ለማይሠራ ቤትና ለሁለት ሽማግሌዎች ጫት ቤት ላስገብራት ነው? አንተ ብትኖር በዓይንህ ብቻ ታስቀምጠኝ ነበር። ቦርሳዋን መልሳ እንድትዘጋ ነገርኳትና ፈቃዱን ከግድግዳው አወረድኩ።

ምስክሮቼ እንግዲህ እነማን እንደሆኑ ታውቃለህ። ሐጂ አብዲ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ጋሽ መኮንን ከረባታቸውን አስረው አብረውኝ ሄዱ። ወጣቱ ብዕሩን አንሥቶ "ፀጉር ቤቱ ለመጨረሻ ጊዜ የሠራው መቼ ነው?" ሲል ሐጂ አብዲ ቀድመው በዒድ ዋዜማ ነው አሉ። የመጨረሻው ደንበኛ እሳቸው ነበሩ። "ወላሂ፣ ከኔ በኋላ መቀስ አላነሣም" አሉ። ጋሽ መኮንን ደግሞ ተቃወሙ፤ የመጨረሻው እኔ ነኝ፣ ከዒዱ በኋላ የትምህርት ቤቱ ፈተና በተጀመረበት ጠዋት ነው አሉ። ሐጂ ያ ጢም እንጂ ፀጉር አይደለም፣ ጢም ሥራ አይባልም አሏቸው። ጋሽ መኮንን ጢም ሥራ ካልሆነማ የእርስዎ ሦስት ፀጉርም ሥራ አይደለም ብለው መለሱ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ባንድ አፍ መናገር ጀመሩ። የመጣነው ግብር ለማስነሣት መሆኑ ተረሳ። ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ የመጨረሻው ያንተ ሰው መሆን።

ልጁ ሳቁን እየዋጠ ጋሽ መኮንንን ማስረጃ አለዎት ወይ ብሎ ጠየቃቸው። መልሱ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ጋሽ መኮንን ከረባታቸውን ፈቱ፣ የሸሚዛቸውን አንገት ገለጥ አደረጉና ከጆሯቸው በታች ያለችውን ትንሽ ጠባሳ አሳዩት። ያን ጠዋት እጅህ ተንቀጠቀጠ። ያን ሁሉ ዓመት ሰው አድምተህ አታውቅም። ደሙን ስታይ ምላጩን አጥበህ፣ አድርቀህ፣ ቦታው መልሰህ፣ "ጋሼ፣ ይበቃል፣ እጄ ነግሮኛል" ብለህ በሩን እንደዘጋህ ተረኩለት። ለኔ ያን ቀን "ደክሞኝ ነው የገባሁት" ነበር ያልከኝ። ሐጂ አብዲ "እሳቸው ናቸው የመጨረሻው" አሉና ኮፍያቸውን አስተካከሉ።

ልጁ ቀኑን ጻፈ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ ሥራው የቆመበትን ምክንያት ጠየቀኝ። ሦስት ሐምሌ ሙሉ ስሸሻት የኖርኳት ቃል ፊቴ መጥታ ቆመች። "ባለቤቱ ስለሞተ" አልኩ። በዚያ መሥሪያ ቤት ውስጥ ይህን ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ልጁ ማስመሪያ አስቀምጦ በስምህ ላይ ቀይ መስመር አሰመረ፤ ቀስ ብሎ ነው ያሰመረው፣ እግዜር ይስጠው። የግምቱም ነገር ተነሣልኝ።

ክፍሏን ቀበሌው ለኅብረት ሱቁ ስኳር ማስቀመጫ አደረጋት። ወንበርህን ጋሽ መኮንን ወሰዱት፤ ወገባቸው ለምዶታል። መስታወቱ እኔ ዘንድ ነው። ሽማግሌዎቹ አሁን ሐጂ አብዲ ሱቅ ደጃፍ ይቀመጣሉ፤ ጋሽ መኮንን ነጩን ጨርቅ አሁንም አንገታቸው ላይ ያስራሉ፣ የሚገምታቸው ግን የለም። አልማዝ ሐረር ግቢ ማለቷን ቀጥላለች፤ እኔም አስብበታለሁ እያልኩ ነው።

ለዚያ ልጅ ያልነገርኩት አንድ ነገር ግን አለ። አልጋ ከያዝክ በኋላ አንድ ከሰዓት፣ አልማዝ ገበያ ወጥታ እኔና አንተ ብቻችንን ሳለን፣ መቀሱን አምጪልኝ አልከኝ። ልትስለው መስሎኝ አመጣሁልህ። ጀርባዬን ሰጥቼህ አልጋው ጠርዝ ላይ እንድቀመጥ አደረግክና ሹሩባዬን ፈታህ። በትዳራችን ዘመን ሁሉ የሴት ፀጉር አልተማርኩም እያልክ ነክተኸው አታውቅም ነበር። ያን ቀን ጫፍ ጫፉን ቆረጥክልኝ። እጅህ ይንቀጠቀጣል፣ ትንሽ ትቆርጥና ታርፋለህ፣ ደግሞ ትጀምራለህ። አንድም ጊዜ አልወጋኸኝም። ስትጨርስ ለደንበኛ እንደምታደርገው አንገቴን እፍ አልክልኝ። ዞሬ ሳይህ እንቅልፍ ወስዶህ ነበር።

ለቅሶህ ላይ ሴቶቹ እንደ ወጉ ፀጉሬን ሊቆርጡ መቀስ ይዘው ቀረቡ። እምቢ አልኩ። ለባሏ ፀጉሯን እንኳ ነሣችው ብለው አሙኝ፤ ይሙኝ። አንተ በቆረጥክበት ፀጉር ላይ የሌላ ሰው መቀስ እንዲያርፍበት አልፈለግኩም።

እናም ልጁ የመጨረሻው ሥራ የጋሽ መኮንን መሆኑን እንዳረጋግጥ ሲጠይቀኝ፣ አንገታቸውን አይቼ "አዎ" አልኩ። ሥራህን ሁሉ እንዳስተማርከኝ ቀርቤ ተናግሬያለሁ፤ ያቺን አንዷን ብቻ አላስታወቅኩም። ገማች አያያትም፣ ምስክር አይቀርብባትም፣ ቀይ መስመርም አይሰመርባትም። ሌላውን አስረክቤያለሁ፤ እሷን ግን እስክንገናኝ ድረስ እኔ እይዛታለሁ።

ያንተዋ የሺ